እጅ መንሻው መቼ ጉቦ ሆነ? የፍራንሲስ ቤከን የ1621 ክስ

ክሪስቶፈር ኦብሪ የሚባል እንግሊዛዊ ለንደን ውስጥ ክርክር ነበረው። ጉዳዩ ተጓተተበት፣ ገንዘቡም ተሟጠጠ። የሚያማክሩት ሰዎች ለዳኛው 100 ፓውንድ ቢያደርስ ነገሩ ቶሎ እንደሚያልቅለት ነገሩት። ኦብሪ ያን ያህል ገንዘብ በእጁ አልነበረውም። ከአራጣ አበዳሪ ተበደረ። ገንዘቡን ሰር ጆርጅ ሄስቲንግስ የተባለ ለዳኛው ቅርብ የሆነ ሰው ይዞለት ገባ። ይዞ የተመለሰውም ወሬ ጥሩ ነበር። ጌታው አመስግነዋል፣ አይዞህ ተባለ።

ከዚያ ትእዛዙ ወጣ። ኦብሪ ተፈረደበት፣ ያውም ክፉኛ። ክርክሩንም አጣ፣ የአራጣው ዕዳም ጫንቃው ላይ ቀረ።

ዳኛው ፍራንሲስ ቤከን ነው። ብዙዎቻችን ስሙን የምናውቀው በፍልስፍና ትምህርት ነው። እውቀት በሙከራና በምልከታ ይገንባ ብሎ የተከራከረው ሰው ማለት ነው። በሕይወት ሳለ ግን እንጀራው ሕግና ፖለቲካ ነበር። የወደቀውም እዚያው ነው።

እኔን የሚይዘኝ ይህ የኦብሪ ነገር ነው። ዳኛው ገንዘቡን ተቀበለ፤ ፍርዱን ግን አልሸጠለትም። ታዲያ ይህ ምን ይባላል? በአማርኛ ሁለት ቃል አለን። እጅ መንሻ አለ፣ ጉቦ አለ። እጅ መንሻ ትልቅ ሰው ፊት ባዶ እጅን ላለመቅረብ የሚቀርብ የክብር ስጦታ ነው። በአደባባይ ይሰጣል፣ ሰጪውንም ተቀባዩንም አያሳፍርም። ጉቦ በጓሮ ይገባል። በ1621 የእንግሊዝ ምክር ቤት ለሳምንታት የተጨነቀው፣ እጅ መንሻ የትኛውን መስመር ሲያልፍ ጉቦ እንደሚሆን ለመለየት ነው። (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ቤከን የተወለደው በ1561 ለንደን፣ ቴምዝ ወንዝ ዳር ባለው ዮርክ ሃውስ ነው። ይህን ቤት ያዙልኝ፤ ደጋግመን እንመለስበታለን። አባቱ ሰር ኒኮላስ ቤከን የንግሥት ኤልሳቤጥ ታላቅ ማኅተም ጠባቂ ነበር። ልጁ በ12 ዓመቱ ካምብሪጅ ገባ። ቀጥሎ ግሬይስ ኢን በሚባለው የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ተመዘገበ። ከእንግሊዝ አምባሳደር ጋር ፈረንሳይ እያለ በ1579 አባቱ ድንገት ሞተ። ቤከን የመጨረሻው ልጅ ነበር፤ የደረሰው ውርስም ጥቂት ነው። ወደ አገሩ ተመልሶ ሕግ አጠና፣ ጠበቃ ሆነ፣ በ1581 የምክር ቤት አባል ሆነ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ረጅም ደጅ ጥናት ነው። ሌላ የተሻለ ቃል የለውም። የአክስቱ ባል ሎርድ በርሊ የንግሥቲቱ ዋና አማካሪ ነበር፤ ቤከን ደጋግሞ ጻፈለት፣ ብዙም አልተሳካለትም። ኋላ የኤሴክሱ መስፍን ጠጋ አድርጎት ለዐቃቤ ሕግነት ታገለለት። ሹመቱን ግን ኤድዋርድ ኩክ ወሰደው። ኩክ ከቤከን በዕድሜም በሕግ ልምድም የሚበልጥ፣ ኃይለኛ ጠበቃ ነው። በ1598 ቤከን ሊያገባት የፈለጋትን ሀብታም ባልቴት ሌዲ ሃተንንም ያገባው ይኸው ኩክ ነው። በዚያው ዓመት ቤከን በዕዳ ተይዞ ታሰረ። በ1601 ኤሴክስ በንግሥቲቱ ላይ ሲያምፅ፣ ከከሳሾቹ ወገን ቆመው ከተከራከሩት አንዱ ቤከን ነበር። ውለታ የዋለለት ሰው አንገቱ ተቀላ። ይህን አልፌ ላልፈው አልችልም፤ ሰውየውን ቅዱስ አድርጌ ላቀርብ አይደለምና።

ንጉሥ ቀዳማዊ ጄምስ በ1603 ሲነግሥ በሩ ተከፈተ። ቤከን በ1607፣ በ46 ዓመቱ፣ ምክትል ዐቃቤ ሕግ ሆነ። በ1613 ዋና ዐቃቤ ሕግ። በ1616 ኩክ ከንጉሡ ጋር ተጋጭቶ ከዋና ዳኝነቱ ሲሻር የቤከን እጅ ነበረበት። በ1617 የአባቱን ቦታ፣ የታላቁን ማኅተም ጠባቂነት ያዘ። በ1618 ሎርድ ቻንስለር ተባለ። በእኛ አገር የድሮ ማዕረግ ብናስበው፣ ጸሐፌ ትእዛዝነትና አፈ ንጉሥነት በአንድ ሰው ላይ ቢደረቡ ያህል ነው። ማኅተሙም በእሱ እጅ ነው፣ ችሎቱም የእሱ ነው። የተወለደበትን ዮርክ ሃውስን ተረክቦ ገባበት።

ችሎቱ ቻንስሪ ይባላል። ተራ ፍርድ ቤቶች በጠበቀው የሕግ ሥርዓት መፍትሔ ያላገኙለትን ጉዳይ በርትዕ ያያል። የአደራ ንብረት፣ ውርስ፣ ውል፣ ማጭበርበር የመሳሰለው ሁሉ እዚያ ይመጣል። ከሕዝብ መካከል ተመርጠው የሚፈርዱ ሰዎች የሉበትም። ቻንስለሩ ጽሑፉን አይቶ በህሊናው ይወስናል። ሰፊ መሬትና ትልቅ ሀብት በአንድ ሰው ህሊና ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው። ባለጉዳይ በዚያ ሰው ደጅ ለምን እንደሚሰለፍ ለመገመት አያስቸግርም።

ቤከን ሰነፍ ዳኛ አልነበረም። ሥራውን በ1617 ሜይ ጀምሮ፣ ጁን 8 ቀን ያልተሰማ አንድም ጉዳይ እንዳልቀረ ጻፈ። ውዝፉን በአንድ ወር አጸዳው። በዚያው ዓመት ሪቻርድ ሃተን ዳኛ ሆኖ ሲሾም ቤከን ባደረገው ንግግር፣ እጆችህም የእጆችህም እጆች፣ ማለትም በዙሪያህ ያሉት ሰዎች፣ ከስጦታ የጸዱ ይሁኑ ብሎ መክሮታል። ይህን የተናገረ ሰው መስመሩ የት እንዳለ አያውቅም ነበር ማለት አይቻልም።

ግን ዘመኑንም ማየት አለብን። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ሹም ከመንግሥት የሚያገኘው ደመወዝ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። የሚኖረው ከባለጉዳይ በሚሰበሰብ ክፍያና በስጦታ ነው። ለአዲስ ዓመት ለሹሞች ስጦታ ማቅረብ ልማድ ነበር፤ ንጉሡ ራሱም ይቀበላል። እኛ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እንላለን፤ በጄምስ ቤተ መንግሥት ይህ ተረት ብቻ አልነበረም፣ ሹሞቹ የሚኖሩበት ደንብ ነበር። ቤከን ደግሞ ወጪው ገደብ የለውም። አሽከሮቹ ብዙ ናቸው፣ ድግሱ ትልቅ ነው፣ ዕዳው ከወጣትነቱ ጀምሮ አልለቀቀውም።

የ1621 ጃንዋሪ የክብሩ ጫፍ ነበር። ጃንዋሪ 22 ቀን በዮርክ ሃውስ 60ኛ ዓመት ልደቱን አከበረ። ከአምስት ቀን በኋላ የሴንት አልባን ቫይካውንት ተብሎ ማዕረግ ተጨመረለት። ስለ ሳይንስ አዲስ መንገድ የጻፈው ትልቁ መጽሐፉ ከታተመ ገና ጥቂት ወር ነው። ጃንዋሪ 30 ቀን ምክር ቤቱ ተከፈተ።

ንጉሡ ምክር ቤቱን የጠራው ገንዘብ ስለቸገረው ነው። የልጁ የኤልሳቤጥ ባል በጀርመን አገር ግዛቱን እያጣ ነበር፤ ለጦርነት ገንዘብ ያስፈልጋል። የምክር ቤቱ አባላት ግን ሌላ ቁጣ ይዘው መጡ። ቁጣው በብቸኝነት የንግድ ፈቃዶች ላይ ነው። ሰር ጃይልስ ሞምፔሰን የእንግዳ ማረፊያ ቤቶችን ፈቃድ ይዞ ሕዝቡን ያስጨንቃል። የወርቅና የብር ክር ሥራ ደግሞ ለጥቂት ሰዎች ተሰጥቷል። ከተጠቃሚዎቹ መካከል የንጉሡ ወዳጅ የበኪንግሃም ዘመዶች ይገኙበታል። እነዚህን ፈቃዶች ሕጋዊ ናቸው ብለው ካጸደቁት ሹሞች አንዱ ቤከን ነው። ሞምፔሰን አምልጦ ወደ ውጭ አገር ጠፋ። ቁጣው ማረፊያ ፈለገ። በኪንግሃምን መንካት ንጉሡን መንካት ነው። እና ከታችኛው ምክር ቤት ወንበር ላይ ማን ተቀምጧል? የ69 ዓመቱ ኤድዋርድ ኩክ።

ስለ ፍርድ ቤቶች አቤቱታ የሚሰማ ኮሚቴ ተቋቁሞ ነበር። ሊቀ መንበሩ ሰር ሮበርት ፌሊፕስ ማርች 15 ቀን ሪፖርት አቀረበ። ሁለት ባለጉዳዮች ቀርበው ቻንስለሩን ከስሰዋል አለ። አንዱ ኦብሪ ነው። ሁለተኛው ኤድዋርድ ኤጀርተን ይባላል፤ 400 ፓውንድ ሰጥቷል። ገንዘቡን ያደረሱት ሄስቲንግስና ሰር ሪቻርድ ያንግ ናቸው። ሁለቱም ቀድሞ የቤከን ሰዎች፣ አሁን የምክር ቤት አባላት ናቸው። የራሱ ቤት ሰዎች ቆመው መሰከሩ። እንደ ምስክሮቹ ቃል፣ ቤከን የኤጀርተንን ገንዘብ ሲያይ በዛ ብሎ ጥቂት አመነታ፤ ከዚያም ተቀበለ።

ኤጀርተንም ተፈርዶበታል። አስተውሉ፤ ሁለቱም ከሳሾች ገንዘብ ሰጥተው የተረቱ ናቸው። ሰጥቶ የረታ ሰው ምን ብሎ ይከሳል?

ቤከን መጀመሪያ አልደነገጠም። ለበኪንግሃም በጻፈው ደብዳቤ እጄም ልቤም ንጹሕ ነው አለ። ማርች 25 ቀን ለንጉሡ ሲጽፍ ቃሉ ለስለስ ብሏል፤ ደካማ ልሆን እችላለሁ፣ የዘመኑ ብልሽት ተካፋይም ልሆን እችላለሁ አለ። በእነዚህ በጥቂት ቀናት ውስጥ በሰውየው ልብ ምን እንዳለፈ ሳስብ ይከብደኛል። ታመመ፤ በመኳንንቱ ምክር ቤት ወንበሩን ሰር ጄምስ ሌይ ተካው። አቤቱታውም ይጎርፍ ጀመር።

በሥርዓቱ መሠረት የታችኛው ምክር ቤት ይከሳል፣ የመኳንንቱ ምክር ቤት ይፈርዳል። ይህ ባለሥልጣንን የመክሰስ መንገድ ከ15ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ወዲህ አልተሠራበትም ነበር። አሁን ከሞምፔሰን ጋር ከመቃብር ተነሣ። በመጨረሻ የክሱ አንቀጾች 28 ደረሱ።

ዝርዝሩን አንድ በአንድ ማንበብ ደስ አይልም፤ ግን የጉዳዩ ሥጋ እዚያ ነው። ኤድዋርድ ኤጀርተን 400 ፓውንድ ሰጠ ብለናል። የእሱ ተከራካሪ ሰር ሮውላንድ ኤጀርተን ደግሞ 300 ሰጥቷል። ከሁለቱም ወገን ተበልቷል። ሆዲ በሚባለው የውርስ ክርክር፣ ጉዳዩ ካለቀ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ 50 ፓውንድ የሚያወጡ የወርቅ አዝራሮች ቀረቡለት። ፒተር ቫንሎር ከተባለ ነጋዴ በሁለት ጊዜ 2,000 ፓውንድ ተበደረ፤ ሰውየው በችሎቱ ጉዳይ ነበረው። ቤከን ይህ ዕዳ እንጂ ስጦታ አይደለም አለ። የፈረንሳይ ወይን ነጋዴዎች ከለንደን ወይን ሻጮች ጋር ሲጣሉ ደግሞ 1,000 ፓውንድ መጣ።

የቅመም ነጋዴዎቹና የመድኃኒት ቀማሚዎቹ ነገር ለብቻው መነገር አለበት። ቀማሚዎቹ ከቅመም ነጋዴዎች ማኅበር ተገንጥለው የራሳቸውን ማኅበር ሲያቋቁሙ ጠብ ተነሣ። ቤከን አስታረቃቸው። የቅመም ነጋዴዎቹ 200 ፓውንድ ሰጡ። ከእነሱ ጋር የቀሩት ቀማሚዎች የወርቅ የመቅመሻ ጽዋና አምበርግሪስ የሚባል ውድ የሽቶ ቅመም አመጡ። አዲሱ ማኅበር 100 ፓውንድ ጨመረ። የቤከን መልስ እዚህ ላይ ጠንካራ ነው። እኔ አስታራቂ እንጂ ዳኛ አልነበርኩም፣ ሦስቱም አቅም ያላቸው ናቸው፣ ገንዘቡም ከማኅበር ካዝና የወጣ ነው አለ። ጉቦ ቢሆን ኖሮ በሦስት ማኅበራት የሒሳብ መዝገብ ላይ እንደሚሰፍር እያወቅሁ እቀበል ነበር? ይህ የእጅ መንሻ ክርክር ነው፤ በአደባባይ የተሰጠ ነገር ጉቦ አይደለም ነው የሚለው። እኔ በዚህ አንቀጽ ላይ ወደ እሱ አደላለሁ።

በሌዲ ዋርተን ላይ ግን አላደላም። ሌዲ ዋርተን በሁለት ጊዜ፣ በወርቅ፣ በጠቅላላው 310 ፓውንድ ሰጥታለች ተብሎ ተከሰሰ። ቤከን ሲመልስ፣ ይህስ በእርግጥ ክርክሩ ገና ሳያልቅ ነበር ብሎ በራሱ ብዕር ጻፈ። አላለባበሰም።

ከመናዘዙ በፊት ንጉሡን ሲያነጋግር ጉዳዩን እንደ ሕግ ሰው ለያይቶ ያየበት ማስታወሻ አለ። የዳኛ ጥፋት ሦስት ደረጃ አለው ይላል። የመጀመሪያው፣ ክርክሩ ሳያልቅ ፍርድ ለማጣመም ተዋውሎ መቀበል ነው። ሁለተኛው፣ ጉዳዩ አልቋል ብሎ የባለጉዳዩን ቃል አምኖ፣ ሳያጣራ መቀበል ነው። ሦስተኛው፣ ጉዳዩ በእውነት ካለቀ በኋላ፣ ያለ ተንኮል፣ ቀድሞ ቃል ሳይገባ መቀበል። ከመጀመሪያው ንጹሕ ነኝ አለ። በሁለተኛው በአንዳንዱ ነገር ጥፋት ሳይኖርብኝ አይቀርም አለ። ሦስተኛውን ጥፋት ነው ብዬ አላስበውም፣ ግን ልማር አለ።

ይህ ክፍፍል ብልህ ነው። ቤከንን ዘመኑ የሠዋው በግ አድርገው የሚያዩ ሰዎች ይህን ይዘው ይሟገቱለታል፤ ኩክ ቂም ነበረበት፣ በኪንግሃም ለራሱ ፈርቷል፣ ሌሎቹም ሹሞች ይበሉ ነበር ይላሉ። የሚሉት ሁሉ እውነት ነው። ቢሆንም አንድ ሰው በክፍፍሉ ውስጥ የለም። ባለጉዳዩ የለም። ሦስቱም ደረጃዎች የሚለኩት ዳኛው ባሰበው ነገር ነው። ኦብሪ ግን የዳኛውን ሐሳብ ማየት አይችልም። ያየው ገንዘቡ መግባቱንና ፍርዱ መውጣቱን ነው። ወደ አራጣ አበዳሪው ደጅ የወሰደው ዳኛው አይደለም ይባል ይሆናል፤ የዳኛው በር በገንዘብ እንደሚከፈት ከተማው ሁሉ ማወቁ ነው የወሰደው። ደግሞ ከአበዳሪም ያላገኘ፣ ወደዚያ በር ጨርሶ ያልደረሰ ስንት ባለጉዳይ ነበር? እሱ ከ28ቱ አንቀጾች በአንዱም ስሙ የለም።

ኤፕሪል 24 ቀን የቤከን የጥቅል ኑዛዜ በመኳንንቱ ፊት ተነበበ። መከላከያዬን ትቻለሁ፣ ምሕረት አድርጉልኝ፣ ሥልጣኔን ብቻ ውሰዱ የሚል መንፈስ ነበረው። መኳንንቱ አልተቀበሉም። በየአንቀጹ መልስ አሉት። ኤፕሪል 30 ቀን ዝርዝሩ መጣ። ወደ ህሊናዬ ወርጄ ሳየው በሙስና ጥፋተኛ መሆኔን በግልጽ አምናለሁ ብሎ ይጀምራል። ከዚያ አንቀጽ በአንቀጽ፣ የቱን እንደተቀበለ፣ መቼ እንደተቀበለ ይዘረዝራል። አሽከሮቹ ከባለጉዳይ ሲመጠምጡ ችላ ማለቱንም አመነ። ለዳኛው ለሃተን የሰጠው ምክር እዚህ ላይ በራሱ ተመለሰበት።

መኳንንቱ ፊርማው የእሱ መሆኑን ለማረጋገጥ ልዑካን ወደ ዮርክ ሃውስ ላኩ። ቤከን ታሞ ነበር። «ጌቶቼ፣ ሥራው የእኔ ነው፣ እጁም የእኔ ነው፣ ልቡም የእኔ ነው። ለተሰበረ ሸምበቆ እንድትራሩ እለምናለሁ» አላቸው። ሜይ 1 ቀን ታላቁን ማኅተም ሊረከቡት መጡ። አባቱ የያዘውን፣ እሱ 56 ዓመት ጠብቆ ያገኘውን ማኅተም ነው።

ፍርዱ ሜይ 3 ቀን ተሰጠ። 40,000 ፓውንድ ቅጣት። ንጉሡ እስከፈቀደ ድረስ በለንደን ግንብ እስራት። ከእንግዲህ የመንግሥት ሹመት አይይዝም፣ ምክር ቤት አይቀመጥም፣ ቤተ መንግሥቱ ካለበት አካባቢም አይደርስም። የመኳንንትነት ማዕረጉ ግን አልተገፈፈም።

በግንቡ የቆየው ጥቂት ቀን ብቻ ነው። ሜይ 31 ቀን ለበኪንግሃም የላከው ደብዳቤ የመለቀቂያ ትእዛዙ ዛሬውኑ ይውጣልኝ የሚል ጭንቅ ነው። ቅጣቱንም ንጉሡ ቤከን ለመረጣቸው ባለአደራዎች አስተላለፈው፤ ይህም ከሌሎች አበዳሪዎች መከለያ ሆነለት። ወደ ለንደን መመለስ ግን ተከልክሏል። በኪንግሃም ዮርክ ሃውስን ፈለገው። ቤከን አባቴ የሞተበት፣ እኔም የተወለድኩበት ቤት ነው ብሎ እንቢ አለ። በመጨረሻ በ1622 ለቀቀው። ከዚያ በኋላ ወደ ለንደን መግባት ተፈቀደለት። በዚህ ልውውጥ ላይ ማንም ክስ አላቀረበም።

ቀሪዎቹን አምስት ዓመታት ጻፈ። በ1622 የሄንሪ ሰባተኛን ታሪክ አሳተመ፤ በ1623 በእውቀት መስፋፋት ላይ የጻፈውን በላቲን አስፍቶ አወጣ፤ በ1625 ድርሰቶቹን ጨምሮና አርሞ እንደገና አሳተመ። ስለ ራሱ ክስ ሲናገርም፣ በዚህ 50 ዓመት በእንግሊዝ ከነበሩት ዳኞች ሁሉ ፍትሐዊው እኔ ነበርኩ፣ በዚህ 200 ዓመት በምክር ቤት ከተሰጡት ፍርዶች ሁሉ ፍትሐዊው ደግሞ በእኔ ላይ የተሰጠው ነው ብሏል። ሁለቱንም ያመነበት ይመስለኛል።

ኤፕሪል 9 ቀን 1626 ከለንደን ወጣ ብሎ ባለው ሃይጌት፣ በአረንደሉ መስፍን ቤት ሞተ። ከመሞቱ በፊት ለቤቱ ባለቤት በጻፈው ደብዳቤ፣ አካል ሳይበላሽ የሚቆይበትን መንገድ ሙከራ እያደረገ ሳለ እንደታመመ ይናገራል። በኑዛዜው ስሙንና መታሰቢያውን ለሰዎች በጎ አንደበት፣ ለባዕዳን ሕዝቦችና ለመጪዎቹ ዘመናት ተወ። ለኦክስፎርድና ለካምብሪጅም የተፈጥሮ ፍልስፍና ማስተማሪያ የሚሆን ገንዘብ ተናዞ ነበር። ሒሳቡ ሲመረመር ዕዳው ከንብረቱ በለጠ፤ መምህራኑም አልተቀጠሩም።